የተዘረጋች እጅ

የአምቡላንስ ሾፌሩ ሲስተርን ከወደዳት ቆይቷል፤ እሷም አልጠላችውም። አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሰው ነፍስ ይዘው ሲሮጡ፣ ዝም ስትል እንኳ ያስከፋትን ከትንፋሿ ያውቅ ነበር። መሀላቸው የገቡት አባቷ ናቸው። ጡረተኛው ዳኛ በሰው ፊት «መሪ ጨባጭ» ብለውታል። ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ሰው እንዲህ ያለች ቃል አጥንት ድረስ ነው የምትገባው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሊወስዳት ሲመጣ ዳኛው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። እንደ ምንም ራሱን አደፋፍሮ እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?»

ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ንቅንቅ አላለም። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፤ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ሾፌሩ የዘረጋውን እጅ ኪሱ ከቶ፣ ደሙ እንደፈላ ተመለሰ።

ሲስተር በጓሮ በር ሮጣ መጥታ መኪናው ውስጥ ገባች።

«አባዬን ሰላም አልከው?»

«ብያቸዋለሁ። እንደ ልማዳቸው ናቸው።»

«ቻለው እንግዲህ፣ ለኔ ስትል» ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ድረሱልን ያለው ቤት የእሷው ሆነ። እናቷ ከማለዳ ጀምረው እህታቸው ቤት ውለው ገና መግባታቸው ነው። ዳኛው ወለሉ ላይ ወድቀዋል።

«አባዬ፣ እስቲ ፈገግ በልልኝ። ሁለቱንም እጅህን አንሳ።»

ፈገግታው ግማሽ ፊት ላይ ቀረ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ።

«መቼ ነው የጀመረው እማዬ?»

«አሁን! እኔን አይቶ ሊነሳ ሲል!»

ሲስተር ሆስፒታል ደወለች። «ስትሮክ ነው፤ የጀመረው አሁን ነው። መድኃኒቱን አዘጋጁልን።»

ሾፌሩ ቃሬዛውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ስልጠና ላይ ሰምቷል፦ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በጊዜው ከተሰጠ ያድናል፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ቢናገር እሷን ያጣታል።

«አሁን አይደለም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ጠዋት ነው። ልጨብጣቸው ስል አፋቸው ተጣሞ ነበር፤ እጃቸውም አልተነሳም። እኔ… የናቁኝ መስሎኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ!

«ይቅርታ» አለች በስልኩ። «የጀመረው ጠዋት ነው። ያየው ሰው አለ።»

መድኃኒቱ አልተሰጣቸውም። «ሰዓቱ አልፏል፤ ብንሰጣቸው ልንገድላቸው እንችል ነበር» አለ ሐኪሙ። ዳኛው ተረፉ፤ ቀኝ ጎናቸው ግን ከዳቸው። ሲስተርም ወደ ሌላ አምቡላንስ ተቀየረች።

ሾፌሩ ስንት ሳምንት በዚያ ሰፈር ላለማለፍ መንገድ ሲያዞር ከረመ። በመጨረሻ እፍረቱ እንቅልፍ ሲነሳው፣ በእግሩ ሄዶ በረንዳው ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያጠፋሁትን…»

ዳኛው ሁሉንም ከልጃቸው ሰምተዋል። ከንፈራቸው ታገለ፤ ቃል አልወጣም። ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው ዘረጉለት። የሾፌሩ እጅ ግን ከኪሱ አልወጣ አለችው።

ሲስተር በሩን ተደግፋ ታያቸዋለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ጨብጠው እንጂ» አለች። «እጁ ይደክማል።»