«አማቴን አጠጡኝ»

ባሏ ሊሞት ሲል የተናገራትን ቃል ሳሙና ሠሪዋ ሰምታ ዋጠቻት። እንግዳ በሚያስጎበኙበትና የእጅ ሥራ በሚሸጡበት የአትክልት ቦታ፣ ቅጠል ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ፣ ከጣሪያው ቁልቁል ከተንጠለጠሉት የናና ነዶዎች ሥር ወድቆ ጉሮሮውን እንደያዘ፣ «አማቴን አጠጡኝ» አላትና ጸጥ አለ። አማቱ የእሷ እናት ናቸው። የቀትር ሻዩን በየቀኑ የሚያፈሉለትም እሳቸው ናቸው።

«ምን ተናገረ?» ላላት ፖሊስ «ምንም» አለችው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን ማደር እንኳ አልቻለም። ከእሷ ጋር ጎጆው ውስጥ የነበረው ሸክላ ሠሪ እንባውን እየጠረገ፣ «ኧረ ተናግሯል፤ ‹አማቴ አጠጣችኝ› ብሏል» አለ። ያን ሌሊት እናቷ በሰጧት ስኒ ላይ ከንፈሯን አስነካች እንጂ አልጠጣችም፤ እንዲህ በማድረጓም ራሷን ፈራች።

መርማሪው በማግስቱ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ አፍንጫው ከአትክልት ጋር ደመኛ ስለሆነ ከበሩ ጀምሮ እያስነጠሰ ነበር የገባው። የፖሊሱ መኪና አሮጊቷን አማት ሊወስድ በር ላይ ቆሟል።

«ሻዩን እንዴት አፈሉት እናቴ?»

«እንደ ወትሮው። ደረቁን ቅጠል በጣቴ ፈርፍሬ፣ የፈላ ውኃ አፍስሼበት። ያፈላሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አልነካውም።»

ሳሙና ሠሪዋ ‹ምነው እማዬ፣ በገዛ አፍሽ› አለች በሆዷ። መርማሪው ግን አሮጊቷ ደጃፉን ለመሻገር ግድግዳ ሲደግፉ አየ።

«በዚህ ጉልበት ማድረቂያው ድረስ ማን አደረሰው?»

የሟች እህት፣ ቅርጫት ሠሪዋ፣ ከስፌቷ ቀና አለች። «ሸክላ ሠሪው ነዋ። ሁልጊዜም እሱ ነው የሚወስድለት።»

«እኔ እግር ብቻ ነኝ» አለ ሸክላ ሠሪው።

መርማሪው ሳሙና ሠሪዋን አስከትሎ የአትክልት መደቦቹን ዞረ። በየመደቡ ራስ ላይ ባሏ ለጎብኚ በእጁ የቀረጻቸው የእንጨት ጽሑፎች ተተክለዋል። ጥግ ላይ፣ ደወል የመሰለ ነጭ አበባ ያላት ተክል በታጠረችበት መደብ ራስ ላይ ግን፣ ከትኩስ ጉድጓድ በቀር ምንም የለም።

«እዚህ ምን ተጽፎ ነበር ልጄ?»

«አላውቅም፣ አባባ። መርዝ ናት፤ ለማሳያ ነው የተከላት። ከእሱ በቀር ማንም አይደርስባትም።»

መርማሪው አስነጠሰና ስልኩን አወጣ። ሟች ትናንት ጠዋት ካስጎበኛቸው እንግዶች ለአንዷ ደወለ። ከዚያ ወደ ሸክላው ምድጃ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አፉን አይቶ ተመለሰ።

ሁሉንም የእጅ ሥራ መሸጫው ክፍል ሰበሰባቸው። ሳሙና ሠሪዋ ከእናቷ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ባልሽ ተናግሯል። እንደ ሰማሽው ንገሪኝ፤ አንዲት ፊደል ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

ለእናቷ አንገት ገመድ የምታቀብል መሰላት። ግን ተናገረች። «‹አማቴን አጠጡኝ› ነው ያለው።»

«አማቴን። ሰው አማቱን ይጠጣል?» አለና ስልኩን ዘረጋላቸው። እንግዳዋ የላከችው ፎቶ ነው። በነጯ አበባ ሥር የቆመው እንጨት፣ «አማቴ። ከሩቅ ሰላም በሏት» ይላል።

ቅርጫት ሠሪዋ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። አሮጊቷ ፎቶውን አተኩረው አዩና «ባለጌ» አሉ፤ ልጃቸውን እንደሚቆጡ ነው ያሉት።

«ይህ እንጨት ቢቆይ እኚህን እናት ነጻ ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ እሳቸው አይነቅሉትም። የነቀለው ቃሉ የገባው፣ ሌላ ሰው እንዳይገባው የፈለገ ነው። ከሟች ቃል ላይ ‹ን›ንም የነቀላት እሱ ነው።» ወደ ሸክላ ሠሪው ዞረ። «ሬሳው አጠገብ ሲለቀስ ‹ፖሊስ ልጥራ› ብለህ የወጣኸው አንተ ነህ አሉኝ፤ እንጨቱን የነቀልከው ያኔ ነው። ሟች የጠጣበት ስኒ ሥር ደግሞ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለ፤ በጣት የተፈረፈረ ደረቅና በቢላ የተከተፈ እርጥብ። ደረቁ የወጥ ቤቱ ነው። እርጥቡ የነጯ አበባ ነው፤ መንገድ ላይ ገባ፤ መንገዱ ደግሞ ያንተ ነው።»

«ጓደኛዬን ምን አደረገኝ ብዬ?»

«ምድጃህ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። መደርደሪያህ ግን በአዳዲስ ስኒ ሞልቷል፤ ሁሉም መንትያ። ከፋብሪካ እያመጣህ ‹የእጄ ሥራ ነው› ትላለህ።»

«ወንድሜ ደርሶበታል» አለች ቅርጫት ሠሪዋ ቀስ ብላ። «ከሰዓት ለሚመጡት እንግዶች ራሱ ካልተናገረ እኔ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር።»

ሸክላ ሠሪው እጆቹን ተመለከተ። «በሰው ፊት ሊያዋርደኝ» አለ። ፖሊሶቹ ሲይዙት አልታገለም።

ሳሙና ሠሪዋ መርማሪውን በር ላይ ደረሰችበት። «የገዳዩን ስም ለምን አልጠራልኝም?»

«አያውቀውማ። የነገረሽ የጠጣውን ነው፤ ለሐኪም እንድትነግሪለት።»

ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ትዝ አላት። ቃሉን ሰምታ ሐኪም አልጠራችም፤ የተመለከተችው ወደ እናቷ ወጥ ቤት ነበር። ቢተርፍ ኖሮ ብላ ማሰብ ጀመረችና መጨረስ አቃታት። ስትዞር እናቷ ከኋላዋ ቆመዋል።

«አንቺም እኔ መስዬሽ ነበር?»

መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም። «አዎ፣ እማዬ።»

«እኔ ደግሞ አንቺ መስለሽኝ ነበር» አሉ። «ለዚህ ነው ‹ሌላ ሰው አልነካውም› ያልኩት። ልታሰርልሽ ነበር።»