ጭስ ያልነበረው ተኩስ

ሩዋን ሎምባርድ ከአጎቱ እርሻ ጓሮ፣ ከተኩስ መለማመጃው ፊት በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የተሰነጠቀ ብረት ግንባሩን በርቅሶ ገብቷል። አጠገቡ ቅድመ አያቱ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ከእንግሊዝ መኮንን የማረከው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጥይት መያዣ ከበሮው ፈንድቶ ወድቋል። ከፎሪስበርግ ፖሊስ ጣቢያ የተጠራችው ሻምበል ዲማካትሶ ተንበርክካ ብረቱን አሸተተች።

«ሽጉጡ የማን ነው?»

«የኔ» አለ አጎትየው ቬሰል፣ ዓይኑን ከሬሳው ሳይነቅል። «ጥይቱንም የሞላሁት እኔው ነኝ። ለአሮጌ ብረት ጥቁር ባሩድ ነው የሚሰጠው፣ ልጄ። ጭስ አልባውን አዲስ ባሩድ ብታጎርሺው አይችልም፤ ይፈነዳል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እዚህ ቤት የማታውቅ ድመቷ ብቻ ናት።»

«ዛሬ ተራው የሩዋን ነበር?»

«በየቅዳሜው ሁሌም የምጀምረው እኔ ነኝ፤ ሩዋን ይከተለኛል፣ አባቱ ፍሎሪስ ዝም ብሎ ያየናል። ዛሬ የእጅ አንጓዬን ቢያመኝ ‹እንካ፣ ጀምር› አልኩት።»

የቬሰል ሚስት ሄስተር ከጥብሱ እሳት ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«ወትሮ ሲተኩሱ ጭሱ እዚህ ድረስ መጥቶ ያስለኛል» አለች።

«ዛሬስ?»

ሄስተር መለስ ብላ አሰበች። «ዛሬ... አላሳለኝም። ሥጋውን እያገላበጥኩ ፍሎሪስ ‹አስቀምጠው!› ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ልጁ ‹ምን ሆነሃል፣ አባዬ?› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፈነዳ።»

ዲማካትሶ ከተሰበረው ከበሮ ያልተተኮሰ ጥይት አውጥታ በጉጠት ፈታችው። መዳፏ ላይ የፈሰሰው ጥቁር ዱቄት አልነበረም፤ ግራጫ ስስ ቅንጣት፣ ጭስ አልባው ባሩድ ነበር።

ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጥይቱ ተቀይሯል» አለች። «የታሰበውም ሁሌ ለሚጀምረው ሰው ነው። አባባ ቬሰል ቀይረው ቢሆን ‹የሞላሁት እኔ ነኝ› አይሉኝም ነበር። እማማ ሄስተርም ቢያውቁ ኖሮ፣ ልጁ ሽጉጡን ሲያነሳ ሥጋ አያገላብጡም። የደነገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባባ ፍሎሪስ፣ ልጅዎ በየቅዳሜው ሲተኩስ ዝም ብለው ያያሉ። ዛሬ ለምን ጮኹ?»

የሟቹ አባት ፍሎሪስ ቀና ብሎ ወንድሙን አየ።

«ሽጉጡ ለበኩር ልጅ ነበር የሚገባው። አባታችን ለታናሼ ሰጠው። ብረቱ እንዲሰበር ነው የፈለግኩት፣ ሰው አይደለም።»

«ብረቱን የጨበጠውስ?»



«እኔን ነዋ» አለ ቬሰል ቀስ ብሎ። «እኔን ነበር ያሰብከው።»

«ጮኼለት ነበር እኮ» አለ ፍሎሪስ ወደ ሻምበሏ ዞሮ፣ ትመልስለት ይመስል። «አልሰማኝም።»

«ሰምቶዎታል። ‹ጥይቱን ቀይሬዋለሁ› ግን አላሉትም።»

«ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ እንዴት ልበል?»

ዲማካትሶ ካቴናውን አወጣች። ፍሎሪስ ሊነሳ ሞክሮ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ሞከረ። በሦስተኛው ቬሰል ፊቱን አዙሮ እያለቀሰ ብብቱ ውስጥ ገባለትና አቆመው።