አልሞትም ያለው ኮንቴይነር

ተማሪዋ ሮኬት ያጠፋችው ኮንቴይነር ዓይኗ እያየ እንደገና ተነሣ። ኮንቴይነር ሲባል ወደብ ላይ የሚደረደረው የብረት ክምር አይደለም፤ አንድን ፕሮግራም ከነጓዙ ጠቅልሎ ኮምፒውተር ውስጥ የሚይዝ ሣጥን ነው። ደግማ አጠፋችው። ደግሞ ተነሣ። የኮምፒውተር ክፍሉ ጭር ብሏል።

የሚያስነሣው ትልቁ ሥርዓት ነው፣ የኮንቴይነሮች አዛዥ። «ሁሌ አንድ ይኑር» ብላ ያዘዘችውም ራሷ ናት፤ እንዴት እንደሚቆም ግን አታውቅም። ሺህ ኮምፒውተር እንደ መንጋ ይነዳል ይባላል። እሷ ያላት ሲከፈት እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት አንድ ኮምፒውተር ብቻ። ለዚህ ለዚህ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራው ትንሹ ሥርዓት ይበቃ ነበር፤ እሱን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ግን ጓደኛዋ ጡሩምባ ለኮምፒውተር አስተማሪያቸው፣ ሮኬት ትልቁን ዓይኗን ጨፍና በአንድ እጇ ሙዝ እየላጠች ትነዳዋለች ብሎ ነፋ። ጭራሽ አንድ ባንክ ልቅጠራት ብሎ ለምኖ እናቷ እንቢ አሉ አለ። ሮኬትም ወሬው ጣፍጧት ዝም አለች።

ነገ ጠዋት ዘጠነኛ ክፍሎች የሚፈተኑት በዚሁ ኮንቴይነር ውስጥ ባለው ፕሮግራም ነው። ታናሽ እህቷም አለችበት። ሮኬት ለሙከራ አንድ መልስ ጽፋ ነበር፤ ኮንቴይነሩ ወድቆ ሲነሣ መልሱ ድራሹ ጠፋ። የእህቷ ቢሆንስ?

አጠገቧ ለተቀመጠው ለጡሩምባ ነገረችው። እሱ አይወድቅም አላት፤ ከወደቀም በመብራት እናሳብባለን፣ ማን ያውቃል።

በሩ ተከፈተና አስተማሪው ገባ።

«እህሳ ሮኬት፣ ደረሰ?»

ጡሩምባ እግሯን ረገጣት።

«ቲቸር፣ ትልቁን አላውቀውም። ሲወድቅ መልስ ይበላል። ትንሹን ልጫን? በሱ መልስ እንዳይጠፋ ማድረግ አውቃለሁ።»

«ባንኩስ?»

«ባንክ የለም።»

አስተማሪው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም፤ ያ ከቁጣው በላይ አስፈራት። ጡሩምባ ጣራውን ገና ዛሬ የተሠራ ይመስል አንጋጦ ያየዋል።

«ፈተናው እኮ ነገ ነው» አለ አስተማሪው።

«አውቃለሁ።»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ሮኬት ትልቁን ሥርዓት ከሥሩ ማራገፍ ጀመረች።