ቀዩ ነጥብ

ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት ማክሰኞ ጠዋት በጥናት ክፍላቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። መነጽራቸው ታጥፎ ከመድኃኒት ሳጥናቸው አጠገብ ተቀምጧል። ሐኪሙ የልብ መድኃኒት በዝቶባቸው ነው አለ። በፈቃዳቸው ይሁን በሰው እጅ የመለየቱ ነገር ባልደረቦቿ «መርፌ» ለሚሏት መርማሪ ተተወ።

ልጃቸው ሳሎን ውስጥ የአባቷን ረዳት ፊት ለፊት ይዛዋለች።

«አንተ ነህ የገደልከው። ያን ወሬ ባታመጣ ክኒኑን አይጨብጥም ነበር።»

ከፕሮፌሰሩ ሥር ሳይጠፋ ሽበት የጀመረው ረዳት አንገቱን ደፋ።

«ምን ወሬ ነው?» አለች መርፌ።

«የተፈጥሮ ኃይሎች ከአንድ ትልቅ ሲሜትሪ ተወለዱ ብለው ዕድሜያቸውን ፈጁ። እንደሳቸው ስሌት ፕሮቶን አንድ ቀን ይፈርሳል። ይህን ለማየት ከመሬት ሥር የተቀበረ ግዙፍ የውሃ ጋን ሲጠብቁ የኖሩት ተመራማሪዎች ግን አላየንም አሉ። ትናንት ጠዋት ነገርኳቸው።»

«ምን መለሱ?»

«‹እንግዲህ ሌላ እንፈልጋለን› አሉኝ። እኔ ግን ራሳቸውን የሚያጽናኑ መሰለኝ።»

መርፌ ሳጥኑን አገላበጠችው። በሁለት ረድፍ ከሰኞ እስከ እሑድ የሳምንቱን መድኃኒት ይይዛል፤ የላይኛው የጠዋት፣ የታችኛው የማታ። ጽሑፍ የለውም። ጠርዙ ላይ የተፋቀ ቦታ አለ። በሟቹ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ደግሞ ቀይ ቀለም አይታ ነበር።

ባለቤታቸውን ወጥ ቤት አገኘቻቸው።

«ይህ ምልክት ነበረው፣ እማማ?»

«በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌበት ነበር፣ የጠዋቱን ወገን እንዲለይ። ትናንት ከሰዓት እሱ ራሱ ፋቀው።» በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። «‹ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ሥራህ ምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም› አልኩት። ነጥቡን ፋቀና ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ። ስገልጥ፣ ‹ሳጥኑን አዙሬዋለሁ ወይስ አላዞርኩትም?› አለ። አላወቅሁም። ‹ሲሜትሪ ማለት ይሄ ነው› አለኝ። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።»

መርፌ ሳጥኑን በእጇ ላይ አዞረችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ የሚያቃጥለው ሰው እንዳለ ግን ተረቱ አያነሳም።

ሁሉንም በጥናት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«ሰኞ ማታ የሚዋጠው ክኒን እንዳለ ነው» አለች አንዱን ክዳን ከፍታ። «የመጪው እሑድ ጠዋት ክፍል ደግሞ ባዶ ነው። ሊሞት የፈለገ ሰው ሁሉንም ይውጥ ነበር፤ የዕለቱን ትቶ የእሑዱን ብቻ አይመርጥም። ሳጥኑ ሲዞር የእሑድ ጠዋት የሰኞ ማታ ቦታ ላይ ይውላል። ነጥቡ ተፍቋል። ክኒኖቹ ሁሉም ነጭ ናቸው፣ መነጽራቸውንም አውልቀዋል። እጃቸው በለመደበት ሄደ፣ ጠዋት ብቻ የሚዋጠውን የልብ መድኃኒትም በአንድ ቀን ሁለቴ ወሰዱ። ይህ የዞረና ያልዞረ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የሠራው ስህተት ነው። ወሬው አልገደላቸውም፤ ማንም አልገደላቸውም።»

ረዳቱ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ልጅቱ ትከሻውን ያዘችው።

«እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው።

«እማዬ…»

«ተይኝ። ደግሞ ነግሮኝ ነበር። ‹ሲሜትሪው ሳይሰበር ቢቀር ማን ከማን ይለይ ነበር? እኛም የተፈጠርነው ሲሰበር ነው፤ ነጥብሽን መልሰሽ ቀቢው› አለኝ። እሺ አልኩት። ሳቁ አስረሳኝ።»

ተነስተው ወጡ፤ የጥፍር ቀለማቸውን ይዘው ተመለሱ። ሳጥኑ ማስረጃ ነው፣ መነካት የለበትም። መርፌ ግን አልከለከለቻቸውም፤ ጠርዙ እንዳይንቀሳቀስባቸው በሁለት እጇ ያዘችላቸው። ባለቤታቸው የተፋቀውን ቦታ በጣታቸው ፈልገው አገኙት፣ ነጥቡንም መልሰው ቀቡት።