«ወግዱ» ያለው በር

«ወግዱ!»

እናት የያዘችው ሳህን አዘነበለ። ሾርባው በጠርዙ ፈሶ ጣቷን አቃጠላት። እሷ ግን ከተዘጋው በር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ሰማሽው? ጨዋ ልጅ!» አለች ከማስኳ ስር። «በትኩሳት እየነደደ እንኳ በሽታው እንዳይዘን ያስብልናል። ወግዱ ይለናል። የሰው አገር ልጅ እንዲህ ሲሆን…»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳህኑን በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠችና በሩን ሰው ይመስል መርቃው ወረደች።

ቅመም ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በዚያ ልጅ አፍ የቃሉን ትርጉም የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ሕንፃው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያ ነው። የቅመም እናት ፕሮክተር ናት። ቁልፉ፣ መብራቱ፣ የፈሰሰው ቧንቧ፣ የተጣላው ተማሪ ሁሉ የእሷ ነው። እናትና ልጅ የሚኖሩት ምድር ቤት ባለችው ክፍል ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ቤት ያለው ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ቤቱ ሄደ። የቀሩት ከባሕር ማዶ የመጡት ብቻ ናቸው። አውሮፕላን ቆሟል፣ ድንበር ተዘግቷል። ላይኛው ፎቅ ላይ እያንዳንዱ በየክፍሉ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል።

ቅመም የወጣላት ስም ነው። ወሬ በእሷ በኩል ካለፈ ሳይቀመም አያልፍም። ዝንብ ካየች ንስር አየሁ ትላለች፤ ያም አልበቃ ብሏት ንስሩ ሰላም አለኝ ትላለች። አስተማሪዋ አንድ ቀን «የሌላ ሰው ውሸት እግር የለውም፤ ያንቺ ግን ጫማ አድርጎ ይሮጣል» ብሏታል። እሷም ይህን እንደ ሽልማት ይዛ ለሰፈሩ አውርታዋለች።

ከበሩ ጀርባ ያለው ደግሞ መሰላል ነው። የእሱንም ስም ያወጣችው ቅመም ናት። አምፖል ለመቀየር ወንበር የማያስፈልገው፣ በየበሩ ጎንበስ እያለ የሚገባ የምህንድስና ተማሪ ነው። ቋንቋውን መማር ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ቃላቱ ጆሮው ውስጥ ተጋጭተው ነው የሚወጡት። የመጣ ዕለት ፍራሹን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ሚዛኑን ሳተና «ወግዱ! ወግዱ!» ብሎ ጮኸ። ተማሪው ሁሉ ከግድግዳ ተለጠፈ። እሱ ጭራሽ ብሶበት «ወግዱ እንጂ!» እያለ ከነፍራሹ ተንከባለለ። ታች ያገኘችው ቅመም የፍራሹን አንድ ጫፍ ስታነሳለት ፊቱ በራና «አዎ! አዎ! ወግዱ!» አላት። «አግዙኝ» ሊል ፈልጎ ነው።

ቅመም አላረመችውም። ልታርመው ነበር፤ ግን ስህተቱ ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ባልዲ ሲከብደው «ወግዱ» ይላታል፣ እሷም ትሮጥለታለች። ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት ቃል ሆነ።

አሁን ያ ቃል ከበሩ ጀርባ ሲመጣ እንደ ድሮው አያስቅም። ቀጭን ነበር፤ ከመሬት ስር የወጣ ይመስል ነበር።

እናቷን ተከትላ ወረደች።

«እማ፣ ሂዱ ማለቱ አይደለም። አግዙኝ ማለቱ ነው።»

«ጀመረሽ ደግሞ?»

«የምሬን ነው እማ!»

«የፍራሹም ጊዜ የምርሽን ነበር። ፍራሹ እሱን ጭኖ ገበያ ደረሰ፣ ነጋዴም ሁለቱን አንድ ላይ ሸጣቸው አላልሽም?»

«እሱ… ግማሹ ብቻ ነው ውሸቱ።»

«የትኛው ግማሽ?»

ቅመም ታሪኩን ለስንት ሰው ስንት ዓይነት አድርጋ አውርታዋለች። እውነቱ እዚያ ውስጥ እንደ አንዲት ምስር ጠፍቶ ቀርቷል።

«ክሊኒኩ አትጠጉ ብሎናል» አለች እናት። ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ደወለችለት። ከላይ ጥሪው ተሰማ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። «ተኝቷል» አለች። ቀጥላም ራሷን ልታሳምን ይመስል «በሽተኛ እንቅልፍ ያበዛል» አለች። ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። አስም አለባት፤ ስትፈራ ይነሳባታል።

ቅመም እናቷን አየች፣ ከዚያ ደረጃውን አየች። ማዶ ያለው ባለሱቅ ባለፈው ሳምንት በሁለት እግሩ ሄዶ አምቡላንስ ውስጥ ገብቷል፤ ሱቁ እስካሁን አልተከፈተም። በሽታው እናቷ ደረት ውስጥ ከገባ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ግን ሌላ ማን አለ?

ማስኳን እስከ ዓይኗ ስር ስባ ወጣች።

ኮሪደሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ወንበሩ ላይ ሾርባው ቆዳ ይዟል፤ ጎኑ የጠዋቱ ዳቦ እንዳለ ተቀምጧል። ሁልጊዜ ከአፏ የማይጠፋው ቀልድ የት እንደገባ እንጃ።

«ጋሼ መሰላል?»

አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«ጋሼ መሰላል፣ ቅመም ነኝ።»

«ወግ…» አለ ድምፁ። «ወግዱ…»

«አንቺ ልጅ! ነይ ውረጂ!» እናት ደረጃው ላይ ደርሳ ግድግዳውን ተደግፋ ታለከልካለች። «ወግዱ እያለሽ!»

ቅመም አልወረደችም። እናቷን አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እሺ ጋሼ መሰላል፣ ሰምተናል! ወግደናል! በቃ ሄድን!» አለችና እዚያው ቆማ እግሯን ወለሉ ላይ እየደበደበች የሚሄድ ሰው አስመሰለች።

ከበሩ ታችኛው ጫፍ፣ ከወለሉ ጋር ከሚገናኝበት፣ ጥፍር እንጨት ሲቧጥጥ ተሰማ።

«አይ… አይሂዱ!» አለ። «አይሂዱ… ወግዱ… ወግዱ…»

እናት ደረቷን ያዘች።

«ወይ አምላኬ» አለች። «ሲለምነን ነው የከረመው።»

ቁልፎቿን አውጥታ ወረወረችላት። ቅመም ተቀብላ ከፈተች። በሩ ግን የእጅ መዳፍ ያህል ተከፍቶ ቆመ፤ በሽተኛው ከኋላው ወድቆ ተጋድሞበታል። እናት ለክሊኒኩ ደወለች፤ «ሃሎ» ካለች በኋላ ትንፋሿ ተቆራረጠባት። መድኃኒቷን ወደ አፏ እያስጠጋች ስልኩን ለልጇ ሰጠች።

«አጭር አድርጊልኝ ልጄ» አለች ነርሷ። ድምጿ ሻክሯል። «ዛሬ የደወለልኝ ሁሉ ሊሞት ነው ነው የሚለኝ። ያለኝ መኪና ደግሞ አንድ ነው።»

የቅመም ምላስ ዝግጁ ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ አረፋ ደፍቋል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፤ ሁሉም ተሰልፈው ቆመዋል። ይህን ብትል መኪናው ይመጣል። ምናልባት ሌላ ቤት፣ ሌላ በር ስር የወደቀ ሰው ይቀድም ይሆናል፤ ግን መኪናው ይመጣል። በክፍተቱ አየች። የሚታየው ክንድ ብቻ ነው።

«ፊቱ አይታየኝም» አለች። «እጁ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጥፍሩ ጠቁሯል።»

«ይናገራል?»

«ቃል ይጀምራል፤ አይጨርስም።»

«እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«አላውቅም።»

ነርሷ ለሌላ ሰው አንድ ነገር ስትናገር ተሰማ።

«ከጠዋት ጀምሮ አላውቅም ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለች ነርሷ። «መኪናውን ወደናንተ አዙሬዋለሁ። የኮሪደሩን መስኮት ክፈቱ። እንዳትነኩት። ግን አናግሩት፤ ዝም እንዳትሉት።»

አናግሩት! ቅመምን ሌላ ጊዜ እንዲህ ያላት ሰው ቢኖር እስኪመሽ አታቆምም ነበር። አሁን ግን ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ጭንቅላቷ ባዶ ሆነባት። መጡልህ እንዳትለው አልመጡም። ትድናለህ እንዳትለው አታውቅም።

«ውጭ ዝናብ ጀምሯል» አለችው። «መስኮቱ ላይ እርግብ አለች። አንዲት እርግብ ናት። ተራ እርግብ።»

ጣቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አለች እናት ከወዲያ በኩል። «እዚህ ነን። አልሄድንም።»

«እርግቧም አልሄደችም» አለች ቅመም። ያየችውን ብቻ ነገረችው፦ ዝናቡ ጨመረ፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም፤ አንድ ውሻ ጣራ ስር ገባ። ጣቱ መንቀሳቀሱን ሲያቆም ድምጿን ከፍ አድርጋ ውሻውን ደገመችለት።

ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ዓይናቸው እንኳ በደንብ አይታይም። በሩን ቀስ እያሉ ገፍተው ገቡ። ሲያወጡት ቃሬዛው አጠረውና እግሩ በትርፍ ተንጠለጠለ። የሚቀለድበት ነገር ነበር። ማንም አልቀለደም።

«ይድናል?» አለች እናት።

«እናያለን እናቴ» አለ አንደኛው። የአምቡላንሱ በር ተዘጋ፣ መኪናው እየጮኸ ሄደ።

እናትና ልጅ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። እናት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ቅመም በየመሃሉ ጆሮዋን ወደ እናቷ ደረት ታዘነብላለች፤ ያ ሲርሲርታ የአስሙ ብቻ ይሁን ወይስ ሌላ፣ ከቀናት በኋላ ነው የሚታወቀው።

የቅመም ስልክ ጮኸ። የክፍሏ ልጅ ናት። «አንቺ! እናንተ ጋ አምቡላንስ ገባ አሉ! በናትሽ ንገሪኝ፣ ምን ሆነ?»

«ሰው ታሞ ነው» አለች ቅመም። «በኋላ እደውልልሻለሁ።»

ዘግታው ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አለች እናት።

«ላይ። ከበሩ እርቃለሁ፣ እማ።»

እናት ልትከለክላት እጇን አንስታ ነበር፤ አየቻትና እጇን መለሰች።

ቅመም ከመሰላል ክፍል ቀጥሎ ያለው በር ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ማዶ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እዚያ የምትኖረው ከሌላ አገር የመጣች፣ ከሰላምታ በቀር ብዙም የማታወራ ተማሪ ናት። ቅመም ከበሩ ስር በብርሃኑ ውስጥ የሚመላለሱ ሁለት እግሮች ይታዩዋታል።

«እህቴ» አለች። «እኔ የፕሮክተሯ ልጅ ነኝ።»

እግሮቹ ቆሙ።

«በናንተ ቋንቋ አግዙኝ ምንድን ነው የሚባለው? ሰው ሲቸገር፣ ሰው ሲጠራ?»

እግሮቹ ወደ በሩ ቀረቡ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ አንድ ቃል ተሰማ፤ ረጅም፣ መሃሉ ላይ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ቃል።

ቅመም ደገመችው።

«አይደለም» አለ ድምፁ።

እንደገና ሞከረች።

«አይደለም። ቀስ በይ።»

ቅመም እግሯን አጣጥፋ ተመቻቸች። «እሺ» አለች። «ከመጀመሪያው እንደገና በይልኝ።»