በብረት ድስት የቀለጠ ሰም

ሰም አንጣሪው ሴት ልጁን ለትዳር ለሚጠይቅ ሁሉ የሚያቀርበው አንድ ጆንያ ከቀፎ የወጣ አሮጌ ሰፈፍ ነበር። «አቅልጠህ አጥራው፤ ቢጫ ሆኖ ከወጣ እንነጋገራለን» ይላል። ሰፈፉ ጥቁር ነው፤ የሞተ ንብና ትል ሞልቶበታል። ካሁን ቀደም የመጣው ጎረምሳ ጆንያው ሲፈታ «ስልክ ተደወለልኝ» ብሎ ወጣ፤ እስካሁን እያወራ ነው።

የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ግን ጃኬቱን አውልቆ ሰቀለ። ልጅቷን ያወቃት የማጥለያ ከረጢት ልታስጠግን ስትመጣ ነው።

አባትየው ዕቃ ሊያስረክብ ሲወጣ ልጅቷ ድስት አቀበለችው። እሱም ሰፈፉን ፈርፍሮ ከረጢት ውስጥ ቋጠረና ድስቱ ውስጥ ካለው ውሃ ከትቶ ድንጋይ ጫነበት፤ ከዚያ እሳት ላይ ጣደው።

«እሳቱን ቀንስ» አለችው። «ሰም ከተንተከተከ ይበላሻል።»

«እኔስ ስንተከተክ?»

«አንተማ ድሮም ተበላሽተሃል።»

ሰሙ በከረጢቱ እየሾለከ ሲንሳፈፍ ሁለቱም ድስቱን አዩ፤ ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። ከረጢቱን ጨምቀው አወጡ። ሰሙ ቶሎ ቀዝቅዞ እንዳይሰነጠቅ ድስቱን ከድነው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ጥበቃው ረጅም ነው፤ ልጅቷ ግን አንዴም ረዘመ አላለችም።

አባትየው ተመልሶ ክዳኑን ሲያነሳ፣ የረጋው ሰም የጫማ ቀለም መስሏል።

«በብረት ድስት!» ጮኸ። «ብረት ሰም እንደሚያጠቁር አታውቅም?»

«አላወቅኩም ጋሼ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ጃኬቱን አነሳ።

«ድስቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ።

«አንቺ? እዚሁ ሥራ ላይ ያደግሽው?»

«ከጠራለት እኮ የምትነጋገሩት አንተና እሱ ናችሁ። ከኔ ጋር የሚያወራው መቼ ነው?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ይኸው፣ አሁን ሊሄድ ነው።»

አባትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ጃኬቱን አየ። ከኪሱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ ለልብስ ሰፊው ወረወረለት። ያን ቁልፍ ለባዳ ሰጥቶ አያውቅም።

«ሌላ ጆንያ እዚያ አለ» አለና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

ልብስ ሰፊው ጃኬቱን መልሶ ሰቀለ። ሄዶ ጆንያውን እየጎተተ መጣ።

«አሁን ብረት ያልሆነውን አምጪ» አላት። «ደግሞ አትቸኩይ።»