የአስናቀ ሸርጣን

መዳቢው በዚያ ሳምንት ለአሥራ አራተኛ ጊዜ ሸርጣን ወደ ባሕር ጣለ። እማዋይሽ እንዳላየች ሆና ሻይዋን ጠጣች።

መዳቢ የሚሉት ዝርያ የሚለየውን ማሽን ነው። ሁለት ክንድና አንድ ትልቅ ዓይን አለው፤ ከሥሩ ደግሞ ወደ ባሕር የሚከፈት መዝጊያ። በቀይ ባሕር ላይ በምትንሳፈፈው ጣቢያ ዘጠኝ ውስጥ ሥራው አንድ ነው። ከታች የሚመጣለትን ሸርጣን ያነሳል፣ የጀርባውን ጠርዝ ጥርሶች ይቆጥራል፣ ገልብጦ የሆዱን ሽፋን ገለጥ አድርጎ ወንድ ይሁን ሴት ያያል፣ ከዚያ ስሙን ተናግሮ ይመዘግባል። ድሮ ይሄ ሁሉ በዘር ምርመራ ያልቅ ነበር። ሰው በላብራቶሪ የሠራቸው ሸርጣኖች ከባሕሩ ጋር ከተደባለቁ ወዲህ ግን ምርመራው አያስተማምንም፤ ዓለምም እያፈረ ወደ ጥርስ ቆጠራ ተመልሷል።

እንግዲህ ሳይመዘገብ የሚመለስ ሸርጣን ሊኖር አይገባም። ይሄኛው መዳቢ ግን አንዳንዱን አንስቶ አየት ያደርግና፣ ትንፍሽ ሳይል መዝጊያውን ከፍቶ ይለቀዋል። ይህ ተሰምቶ ነው ከወደብ ማሽን ጠጋኝ የተላከው።

ጠጋኙ ባንተአየሁ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ማዕበሉ ሲንጠው ስለመጣ ፊቱ ቢጫ ሆኗል። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጎረጉር ቆየ።

«እትዬ እማዋይሽ፣ ይሄ ነገር ምንም አልተበላሸም» አላት በመጨረሻ።

«አርጅቶ ነዋ። እንደኔው።»

«ቢያረጅማ ያገኘውን ይጥል ነበር። ይሄ እየመረጠ ነው የሚጥለው። ይዩት።»

የተጣሉትን ሸርጣኖች ምስል በማሽኑ የምስል መስታወት ላይ ደረደረላት። ሁሉም ዘጠኝ ዘጠኝ ጥርስ አላቸው፤ የሁሉም ቅርፊት ከኋላ በኩል ሰንጠቅ ብሏል። ሸርጣን ሲያድግ የጠበበውን ቅርፊት አውልቆ ይወጣል፤ እነዚህም ሊያወልቁ የተቃረቡ ነበሩ። እማዋይሽ ማየት አላስፈለጋትም። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖሩ ደግሞ እጅ እጅ ብሏታል።

«ይሄ የአስናቀ ሸርጣን አይደለም እንዴ? አለቱ የታጠረለት?» አለ ባንተአየሁ።

አለት ያለው ከጣቢያዋ ሥር ያለውን የኮራል ክምር ነው። ዙሪያው ያለው የባሕር ወለል ሁሉ ለማዕድን ሲታረስ እሱ ብቻ ተርፏል። ያዳነው አንድ ሕግ ነው፦ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርያ ያለበት አለት አይነካም። ያን ዝርያ መጀመሪያ ያገኘው አስናቀ የሚባል ጠላቂ ነበር፤ መዝግባ በስሙ የሰየመችው ደግሞ ሚስቱ እማዋይሽ ናት። ዓመት ሳይሞላ አስናቀ እዚያው አለት ሥር ገብቶ ድንጋይ ተናደበትና ቀረ። አስከሬኑን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልተቻለም። ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው።

በዚህ መሃል መዳቢው ሌላ ሸርጣን አነሳ። ገለበጠው፣ አየውና ክንዱን ወደ መዝጊያው አዞረ። እማዋይሽ እጇን ሰደደችና ሸርጣኑን ቀማችው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች በኋላም አልገባትም፤ ደክሟት ነው እንጂ ጀግንነት አልነበረም።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ የባሕር ውሃ ጨምራ አስቀመጠችው። «ቁጭ በልና እይ» አለችው ባንተአየሁን።

«ጀልባዬ በአሥር ሰዓት ነው።»

«ይደርሳል።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ሸርጣኑ እያማጠ በስንጥቁ በኩል ወደ ኋላ ወጣ፤ ገርጥቶ፣ እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሶ። አሮጌው ቅርፊት ባዶውን ጎኑ ተንሳፈፈ።

«ቁጠር» አለችው።

ባንተአየሁ አጎንብሶ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። «ስድስት ነው።»

«ስድስት ጥርስ ያለው የትኛው ነው?»

«ይሄማ በየወደቡ ተቀቅሎ የሚበላው ነው» አለና ቀና ብሎ አያት። ነገሩ ገባው።

«የአስናቀ ሸርጣን የሚባል የለም ልጄ። ልጁን ካዋቂው ለይቼ ሌላ ዝርያ ነው አልኩ። በእኛ ሙያ ይሄን ያልተሳሳተ የለም። የተሳሳተ ግን ያርማል።»

«መቼ አወቁት?»

«እሱ በሞተ በሰባት ዓመቱ። ባርመው በሳምንቱ የማዕድን ማረሻው ይመጣል። እሱ ደግሞ እዚያ ነው። ሊያወልቅ የደረሰ ባገኘሁ ቁጥር ሰው ሳያይ እለቀው ነበር። አንጀቴ አልችል አለኝ።»

«ማሽኑን ማን አስተማረው?»

«እኔ። ሦስት ዓመት እጄን እያየ ነው የተማረው።»

ባንተአየሁ መዳቢውን ዞሮ አየው። ስለ አስናቀ ማንም የነገረው የለም። መቁጠሩንም፣ መገልበጡንም፣ ደብቆ መልቀቁንም አንድ ላይ ተቀብሎ ሁሉም ሥራ መስሎታል። ሰው የማይታመን ስለሆነ የተሠራ ማሽን፣ ከሴትየዋ ሐዘኗን ሳይቀር ወርሶ ቁጭ ብሏል።

«እኔ እንግዲህ ሳልጽፈው መሄድ አልችልም» አለ ባንተአየሁ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አውቃለሁ። እኔው እጽፈዋለሁ።»

ወንበሯን ጎትታ ተቀመጠች። «መዳቢ፣ መዝገብ ክፈት። የአስናቀ ሸርጣን ይሰረዝ። ያላደገ የወደብ ሸርጣን ነው።»

«ተሰርዟል» አለ መዳቢው። «በአለቱ ላይ የሚጠበቅ ዝርያ የለም። የሚመዘገብ ሌላ አለ?»

የለም ልትል ነበር። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ባዶ ቅርፊት አየችው።

«አለ።»

«ዝርያ?»

«ሰው።»

«ብዛት?»

«አንድ።»

«ፆታ?»

«ወንድ።»

«ሰው በየቦታው የሚገኝ ዝርያ ነው። ሕጉ የሚለውን አያሟላም።»

«ይሄኛው የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው» አለች እማዋይሽ። «ሌላ ቦታ ሃያ ስድስት ዓመት ፈልጌ አጥቼዋለሁ።» እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

መዳቢው ጥያቄውን መዘገበ። «ለወደብ ውሳኔ ይተላለፋል። የሁለተኛ ሰው ፊርማ ያስፈልጋል።»

ባንተአየሁ ሰዓቱን አየ። ጀልባዋ መድረሷ ነው። «ወደብ ያሉት ይስቁብናል እኮ፣ እትዬ።»

«ይሳቁ።»

መዳፉን ሱሪው ላይ ጠርጎ መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«የግለሰቡ ስም?» አለ መዳቢው።

«አስናቀ።»

«ይህ ስም የተሰረዘ ሸርጣን ስም ነበር። አሁን ነፃ ነው። ለዚህኛው ይሰጥ?»

«ይሰጠው» አለች። ከዚያ ተነሥታ ሳህኑን ወደ መዝጊያው ወሰደችና ለስላሳውን ሸርጣን በገዛ እጇ ለቀቀችው።